የካባንጋ ክንድ

ሰኞ፣ ኦገስት 4

ልብስ አጠብኩ። ከምንጩ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ... ወገቤ ዛሬ የኔ አይደለም። መንታዎቹ "እናግዝሽ" ብለው አንድ ጀሪካን ለሁለት ተሸክመው ግማሹን መንገድ ላይ ደፉት። ከዚያ "አንተ ነህ!" "አንተ ነህ!" ሲባባሉ የቀረውንም ደፉት። ከመሳቅ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ትምህርት ሊከፈት አራት ሳምንት ቀረው። ወንድሜና ሚስቱ ቺካፓ አልማዝ ቁፋሮ ሲወርዱ ልጆቹን እኔና እማዬ ጋ የተዉት ለዚህ ነው። "አስተማሪ አይደለሽ? አንደኛ ክፍል አስገቢልኝ" ነበር ያለኝ። ቀላል ነው ብዬ ነበር። የማስተምረው አንደኛ ክፍል፣ መዝገቡን የምይዘው እኔ... ከዚህ የቀለለ ምን አለ?

ከሰዓት በኋላ ለጨዋታ ያህል አሰለፍኳቸውና ጆሮ አስነካኋቸው። ምቡዪ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ያዘ። መያዝ ብቻ? ጎተተው፣ ምላሱንም አወጣልኝ። ካባንጋ ግን... ጣቶቹ ከጆሮው በላይ ቆሙ። ሁለት ጣት ያህል ቀራቸው። ባለፈው ዓመት ኩፍኝ ከያዘው ወዲህ ዕድገቱ እንደቆመ ነው።

"ደረስኩ?" አለኝ።

"ትንሽ ቀረህ።"

ሌላ ምን ልበለው?

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ስብሰባ። ዲሬክተር ንካሻማ ቁርጡን ነገሩን። አንደኛ ክፍል ሰማንያ ልጅ፣ ከዚያ በላይ አንድም አይገባም። አምና መቶ ሠላሳ ነበሩብኝ፣ ግማሾቹ መሬት ላይ፣ ስማቸውን ሳላውቅ ዓመቱ ያለቀ አሉ። ስለዚህ አልፈርድባቸውም። "ጆሮውን ያልነካ አይመዘገብም" አሉ። "የልደት ወረቀት ያለው ልጅ በዚህ ሰፈር አለ? የለም። እንግዲህ ወረቀታችን ክንድ ነው።"

ከስብሰባው በኋላ ጠጋ አልኳቸው። "ጌታዬ፣ የወንድሜ ልጆች መንታ ናቸው። አንድ ቀን ነው የተወለዱት። አንዱ ከደረሰ ሌላውም ደርሷል ማለት አይደለም?"

"መምህርት ቢቶታ፣ አንቺ ስለምታውቂያቸው ነው። እኔ ለተሰለፈው ወላጅ ምን ልበል? የአስተማሪዋ ልጅ ስለሆነ ክንዱ ረዘመ ልበል?"

እዚያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን እንደሚያስቀኝ እንጃ!

ሐሙስ፣ ኦገስት 7

ለእማዬ ነገርኳት። ባልነገርኳት ይሻል ነበር። የካሳቫ ቅጠል የምትወቅጥበትን ዘነዘና እንደያዘች ቀረች።

"ከአንድ ሆድ በአንድ ቀን የወጡትን? አንዱን ወስደሽ አንዱን ልትተዪ? አንዱ ይታመምና ሌላው ይከተለዋል፣ ምን ነካሽ!"

"እማዬ፣ ይሄ የድሮ ወሬ ነው።"

"አዎ፣ እኔም የድሮ ነኝ። አንቺንም የወለድኩሽ ድሮ ነው።"

መልስ አላት መቼም። ከዚያ መላ መጣላት። የልጅ ክንድ ሊጥ ነው፣ ከሳቡት ይሳባል አለች። ጧት ጧት በቀዩ የዘንባባ ዘይት ማሸት፣ ቀን ቀን ጓቫው ዛፍ ላይ ማንጠልጠል። አስተማሪ ነኝ... ክንድ በሦስት ሳምንት እንደማይረዝም አውቃለሁ። ግን ዘይቱን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ኦገስት 11

ዘይት። ጓቫ። ዘይት። ጓቫ። ለካሁት፣ ያው ሁለት ጣት። አንሶላዬ በሙሉ ቀይ ሆነ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ልብስ ሰፊው ጋ ወሰድኳቸው። ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ቁምጣ፣ ሁለት ሁለት። ለመንታ የሚገዛ ነገር እኩል ነው። አንዱ ይገባል አንዱ አይገባም ብሎ አንድ ብቻ ማሰፋት እማዬ ፊት የሚሞከር አይደለም። ሰፊው "የትንሹን ላሳጥረው" ሲል አብራን የመጣችው እማዬ ጮኸችበት። "ትንሽ የሚባል የለም! ሁለቱንም በአንድ ልክ ስፋ!"

በአንድ ልክ ሰፋ። የካባንጋ ቁምጣ ጉልበቱን አልፎ ወርዷል። ግን አላወልቅም አለ። ወደ ቤት ስንመጣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ባለሥልጣን እየተንጎራደደ ነው። ጎረቤታችን ቺቦላ ከበሯ ሆና "ክቡር ሚኒስትር፣ ደህና ዋሉ?" አለችው። "ደህና፣ እናንተስ?" አላት ኮስተር ብሎ።

አንጀቴን በላው።

ሰኞ፣ ኦገስት 18

ዛሬ ጉድ ተፈጠረ። ምቡዪ አሰልጣኝ ሆኗል። "ወደ ላይ አትይ! ትንፋሽህን ያዝ! ጆሮህን ወደ እጅህ አምጣው!" እያለ ወንድሙን ግቢ ውስጥ ሲያሠራው ዋለ። ጆሮህን ወደ እጅህ አምጣው... ካባንጋ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ነካ!

እማዬ እልልታዋን ለቀቀችው። የመንታ ዘፈን ጀመረች፣ ያንን ባለጌ ባለጌውን፣ ልጆቹ የማይገባቸውን (ይመስለኛል)። ቺቦላ ልጇን አዝላ መጥታ ተቀበለቻት። ነጭ አፈር በጥብጠው ለምርቃት የሁለቱንም ግንባር ቀቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ዲሬክተሩ የልጁን አገጭ ይዘው ቀጥ እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። እልልታ ላይ ውሃ ልቸልስ? አልነገርኳቸውም። ነገ እነግራቸዋለሁ...

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

አልነገርኳቸውም።

መዝገቡ ቤቴ ነው ያለው። ባዶ ነው፣ ሰማንያ መስመር። አሁን "ካባንጋ ቺማንጋ" ብዬ ብጽፍስ? ማን ያየኛል? እርሳሱን አንስቼ ነበር። ከዚያ ዘንድሮ ጆሮዋን የነካችው የቺቦላ ትልቋ ልጅ ታወሰችኝ። ሰማንያው ሲሞላ ተሰልፎ የሚቀር የሰው ልጅ አለ። የሱ አክስት ደግሞ አስተማሪ አይደለችም። እርሳሱን አስቀመጥኩት። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ ነው ወይስ ፈሪ ስለሆንኩ? እንጃ።

ሰኞ፣ ኦገስት 25

ተመዘገቡ። ማለቴ... አንዱ።

ሰልፉ ከንጋት ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ በር ሰፈሩን እስከሚከፍለው ገደል አፋፍ ደርሶ ነበር። እኔ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ ይዤ፣ ዲሬክተሩ ግድግዳው ሥር ቆመው ክንድ ያያሉ። እማዬ መንታዎቹን በአዲሱ ልብሳቸው አምጥታ አሰለፈቻቸው። ተራቸው ሲደርስ ስድሳ ስድስት ሞልቷል።

ካባንጋ "እኔ ልቅደም" አለ። ተለማምዷላ! እጁን አሻገረ፣ አንገቱን ዘንበል... ዲሬክተሩ አገጩን በሁለት ጣት ያዙት። "ቀጥ በል ልጄ፣ ቀጥ።" አልተቆጡትም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፣ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር። ጣቶቹ ጆሮው ሳይደርሱ ቆሙ። "በሚቀጥለው ዓመት፣ እሺ ጎበዝ?"

አላለቀሰም። ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ መዝገቡን አየሁ። "ቀጣይ!" አልኩ። በዚህ አፌ።

ምቡዪ ቀረበ። እጁን አነሳ፣ አናቱ ላይ አሳለፈ፣ የወንድሙ ጣቶች የቆሙበት ቦታ ላይ አቆመው።

"አልደረሰም" አለ።

"በደንብ ዘርጋው እንጂ" አሉ ዲሬክተሩ።

"አልደረሰም።"

ዲሬክተሩ ወደኔ ዞሩ። "መምህርት ቢቶታ፣ ይሄ ልጅ አይደርስም?"

ከኋላ አንዲት ሴትዮ "የአስተማሪ ልጆች ናቸዋ! ሲያሻቸው ይደርሳሉ፣ ሲያሻቸው ይቀራሉ! እኛ ከሌሊት ጀምሮ ቆመን..." አለች። ሰልፉ ተንጫጫ።

ምን አሰብኩ? ከሁለት ያጣ ከምሆን አንዱ ይግባ ብዬ አሰብኩ። ለወንድሜ ምን እላለሁ ብዬ አሰብኩ። እዚህ ላይ መዋሸት ምን ይጠቅመኛል... ይሉኝታም ያዘኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ። ተነሳሁ። የምቡዪን ክንድ ያዝኩና ወደ ጆሮው ሳብኩት። መዳፉን ጨበጠ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ጆሮው ላይ አስቀመጥኳቸው።

"ይኸው፣ ይደርሳል" አልኩ።

ተራ ቁጥር ስድሳ ሰባት፣ ምቡዪ ቺማንጋ። ጽሑፌ ያምራል።

ወደ ቤት ስንሄድ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፊት ከፊቴ ሄዱ። አላናገሩኝም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

እማዬ ጧት ሰላም አላለችኝም። ቀትር ላይ ግን መጣች። አላስቻላትም።

"የአባት እህት ሴት አባት ናት። አባት የሆነ ሰው የልጁን እጅ እንደዚያ ይጠመዝዛል?"

"አንዱ እንኳን ይግባ ብዬ ነው እማዬ።"

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ለወንድሜ ደወልኩ። ኔትወርክ ሦስት ጊዜ ተቆራረጠ። "አንዱ ገባ? ጥሩ ነው፣ ለጊዜው አንዱ ይበቃል" አለኝ። ይበቃል! የሚያወራው ስለ ልጆቹ ነው ወይስ ስለ ዶሮ?

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

እማዬ በየሰዓቱ ግንባራቸውን ትዳስሳለች። ማንም አልታመመም።

ዲሬክተሩ ጋ ተመለስኩ። "የሚያቋርጥ ልጅ ካለ በሱ ምትክ..." አልኳቸው። "እናያለን" አሉ። እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነው። እኔም ወላጆችን የምሸኘው እንደዚሁ እያልኩ ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ተከፈተ። ካባንጋ ከሁላችን ቀድሞ ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አውልቅ ማለት አቃተኝ። አብሮን መጣ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስሙን ጠየቀውና በግራ እጁ ወደ ጎን አደረገው። ካባንጋ አጥሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

ስም ጠራሁ። "ምቡዪ ቺማንጋ።" መልስ የለም። ሁለት ጊዜ ጠራሁ። ሦስተኛው ላይ የቺቦላ ልጅ እጁን ይዛ አነሳችለት። ክፍሉ ሁሉ አብሮኝ "አ" ሲል የሱ አፍ ብቻ ዝግ ነው። በመስኮቱ ወደ አጥሩ ያያል። ካባንጋ ደግሞ ከአጥሩ ላይ ወደ መስኮቱ ያያል። እኔ መሃል ቆሜ ጠመኔ ይዣለሁ። አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል... በሰማንያ ልጅ ፊት?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

አሁንም አጥሩ ላይ ነው። ዝናብ መጣ፣ አልወረደም። በዕረፍት ሰዓት ወጥቼ "ቤት ሂድ የኔ ጌታ" አልኩት። "እየጠበቅኩት ነው" አለኝ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 5

ዛሬ አጥሩ ላይ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለምን ፈራሁ?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ምቡዪ አፉን ፈታ። "አቤት!" አለ ስሙን ስጠራው፣ ጮክ ብሎ። ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ስሙን ጻፈ። አንዷን ፊደል ገልብጧታል። አጨበጨቡለት፣ ጥርሱ ሁሉ ታየ። ካባንጋ ደግሞ ነጩን ሸሚዝ አውልቆ ትቶታል። ከገደሉ ማዶ ያሉ ልጆች ጋ ፌንጣ ሊያድን ይሄዳል አለች እማዬ። ጓደኛ አግኝቷል፣ ካዛዲ የሚባል ፍንጭት ልጅ። ስለ ፌንጣ ሲያወራ እንደዚያ ሲፈጥን ሰምቼው አላውቅም።

ሁሉም ደህና ሆነ ማለት ነው እንግዲህ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

ስድስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ተመለስን። ምቡዪ ደብተሩን እያውለበለበ ቀድሞኝ ሮጠ። "ካባንጋ! ያንተንም ስም ጻፍኩት!" እያለ። ካባንጋ ከካዛዲ ጋር የግቢያችን አጥር ሥር ተጎንብሶ ጉድጓድ ይቆፍራል። "እሺ፣ ቆይ" አለ። ቀና አላለም።

ምቡዪ እጁን ታጥቦ ምግቡ ፊት ተቀመጠ። እማዬ ክዳኑን አነሳችለት። የበቆሎው ገንፎ መሃል ለመሃል በእጅ ተከፍሏል። ግማሹ የለም። ከቅጠሉም ወጥ ግማሹ ተጠርጎ ተበልቷል፣ ሌላው ግማሽ አልተነካም።

እነዚህ ልጆች ከጡት ጀምሮ አንዱ ሳይመጣ አንዱ እጁን ሰዶ አያውቅም። አምና ካባንጋ በኩፍኝ አፉ ቆስሎ ሦስት ቀን ሳይበላ፣ ምቡዪንም በግድ ውሃ ነው ያጠጣነው።

"ካባንጋ! ና እንብላ!"

"እኔ በላሁ!" አለ ከውጭ። ቂም የለውም ድምፁ። ዝም ብሎ እንደማንኛውም ሰው ነው ያለው።

ምቡዪ ሳህኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"በላ?"

"አዎ፣ በልቷል።"

"ብቻውን?"

እማዬን አየኋት። ለሁሉም መልስ ያላት ሴት ክዳኑን ይዛ ቆማለች። አስተማሪ ነኝ፣ ጧቱን ሙሉ ጥያቄ ስመልስ ነው የቆየሁት።

በሩን እያየ ትንሽ ጠበቀ። ደግሞ ትንሽ። ከዚያ የቀረለትን ግማሽ ወደ ራሱ ጎተት አደረገውና መብላት ጀመረ። ሁሉንም ጨረሰው።