ከምሽጉ አጠገብ የወደቀች ገል

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1። ከሥራ መልስ

እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ እጽፋለሁ። የሰንሪጅ የገበያ ሞል ተንቀሳቃሽ ደረጃ ዛሬም ቆመ። እኔ ከሥር ሆኜ ስጠግን ሰዉ መነሻው ላይ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። ደረጃ በእግርም እንደሚወጣ የነገረው የለም። አንዷን ሴትዮ ፓስፖርት ይዘሻል ወይ፣ ላይኛው ፎቅ ድንበር አለ አልኳት። ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመረች። ጥሩ ቀን ነበር። እስከ አስር ሰዓት።

አስር ሰዓት ላይ ሊ. ደወለች። አዲስ ደብተር ስለሆንክ ላስተዋውቅህ። ሊ. ማለት ሊያ ናት፣ የእህቴ የአልማዝ ልጅ። አባቷ ሲሞት ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ብስክሌት ያስተማርኳት እኔ፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ የሄድኩላት እኔ፣ ያሳቅኳት እኔ። አሁን አርኪዮሎጂ ትማራለች። በጋውን በረሃ ውስጥ ያለ አሮጌ ምሽግ ታስጎበኛለች፤ ከካልጋሪ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ መንገዱ ረዥም ነው። ቅዳሜ የቤተሰብ ቀን ነውና ና አለችኝ። ልቤ ሞቀ። ቀጠለችና፣ «ኤንድ ጋሼ ኪዳኔን ፒክ አድርግልኝ፣ ፕሊስ»። ልቤ ቀዘቀዘ። አሁን ውሃውም ቀዝቅዟል።

ጋ.ኪ.ን ደግሞ እወቀው። አስመራ ተወልዶ ያደገ፣ በአማርኛ የተማረ፣ ጡረታ የወጣ መምህር። ባለፈው ዓመት ከዊኒፔግ መጣና ቸርቻችንን ተቀላቀለ። አማርኛው ከእኔ ይጠራል፤ ይኼ ራሱ ወንጀል መሆን ነበረበት። ጸሎት ሲጀምር ፓርኪንግ የከፈሉ ሰዎች ሰዓታቸውን ያያሉ። በእኔ ቀልድ ፈገግ ይላል እንጂ አይስቅም። በእሱ ቀልድ ግን ሊ. እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ በስልክ ይነጋገራሉ። እኔ ስገባ፣ ባይ ጋሼ ብላ ትዘጋለች።

ምን ያወራሉ? እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ሁሉ ከአሮጌ መጽሐፍ ለቃቅሜ ነው። እሷ አሁን የተማረ አግኝታለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ሳቫና ሰፈር፣ አልማዝ ቤት። የእቃ ማጠቢያዋ ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር። ከሥሩ ተጋድሜ ሳለሁ ከላይ ወሬውን ለቀቀችው። የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ሊ.ን የሚጠይቅ ሽማግሌ ይመጣል። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ዮናስ ይባላል፣ ነርስ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ቀልድ ሲነግሩት ማብራሪያ ይጠይቃል። እናቱ ኤድመንተን ናት። ሌላ ዘመዱን አላውቅም።

በአባቷ ቦታ ቁጭ ብሎ ሽማግሌ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል፣ አለች አልማዝ። እሺ፣ አልኩ ከቧንቧው ሥር። ማን ይሁን ታዲያ፣ አልኩ። «ሊያ ታስብበታለች» አለችና ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ቧንቧውን ዘግቼው እንደነበር ረስታለች።

ታስብበታለች። ምኑ ነው የሚታሰበው?

እርግጥ ስሜ ትንሽ ተበላሽቷል። የጎረቤታችንን ልጅ ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ የታወቀ ነው። እኔም ጉዳያችሁን ከመስማቴ በፊት ብዬ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤት ኪራይ ጠየቅኳቸው። አንዱ አዛውንት ፍሪጁን ተደግፈው ላብ ሲያጠምቃቸው ነው የተውኩት። እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ ይወራል። አብዛኛው ሰው ይስቃል። የሊ. ፊት ግን እንዴት እንደነበር አሁን ሳስበው አላስታውስም።

ጋ.ኪ. ቢሆን በክብር ይቀበላል። ይጸልያል። ጥቅስ ይጠቅሳል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4። ማርልቦሮ ሰፈር፣ በረንዳዬ ላይ

አንድ ነገር አሰብኩ። አትሳቅ።

አበባ የተከልኩበት ባልዲ ሥር የአሮጌ ሸክላ ድስት ስብርባሪ አለ፤ ውሃ እንዲያሳልፍ የደረደርኩት። አንዷን አወጣሁ። ጥቁር፣ ጠርዟ ላይ በጥፍር የተጫረ መስመር ያላት። ታጥባ በፀሐይ ስትታይ አንድ ሺህ ዓመት ይሆናታል።

ነገ ምሽጉ ጋ ቀስ ብዬ ጋ.ኪ. እግር አጠገብ እጥላታለሁ። ያነሳታል። መነጽሩን ያወጣል። ስለ ጥንት ሕዝቦች ንግግር ያደርጋል። ሲጨርስ፣ ጋሼ፣ ይቺ እኮ ምስር ወጥ የተሠራባት ናት እለዋለሁ። ሊ. ትስቃለች። በእኔ።

ደህና ቀልድ ነው። ማንንም አይጎዳም።

እሑድ፣ ሐምሌ 6። ከጉባኤ በኋላ

ትናንት ለመጻፍ እጄ እምቢ አለ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ማለዳ ጋ.ኪ.ን ከቤቱ አነሳሁት። ከረቫት። በረሃ ለመሄድ። እኔ የስታምፒድ በዓል የካውቦይ ኮፍያዬን አድርጌያለሁ። ካልጋሪ ከኋላችን ስትቀር እርሻው ቢጫ፣ ቀጥሎ መሬቱ ራሱ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ምድሩ ተሰነጠቀ። አመድ የመሰለ ገደል፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ቁልቋል፣ ከእባብ ተጠንቀቁ የሚል ምልክት። ንፋሱ የመኪናዬን በር ሊገነጥል ደረሰ። ጋ.ኪ. ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ ቆየ። መኪና ውስጥ ሲታጠፍ ይደርቅብኛል አለ። እኔ ግን ያየሁት ሊ. ሮጣ መጥታ መጀመሪያ የሱን ክንድ መያዟን ነው። «ደከሙ ጋሼ? ውሃ ላምጣልዎት?» ለእኔ፣ «ሃይ፣ ኮፍያህ ያስቃል»።

ለእሱ እርስዎ፣ ለእኔ አንተ። ቀኑን ሙሉ ይኼን ስቆጥር ዋልኩ።

ምሽጉ ቆንጆ ነው፤ ይኼን አልክድም። ከግንድ የተሠራ አጥር፣ ጣራው አፈር፣ አፈሩ ላይ ሣር በቅሎበታል። ነጋዴዎች ውስኪ በቆዳ ይለውጡበት ነበር። በሩ ጠባብ ነው፤ ደንበኛ አንድ በአንድ እንዲገባ። ውስጥ ያለው የገበያ መስኮት ብረት ተሰክቶበታል። ሻጭና ገዢ ካልተማመኑ እንዲህ ነው። ከሁሉ የያዘኝ ግን ከምሽጉ ውጭ ሜዳው ላይ ያለው ነው፤ የድንጋይ ክቦች። ምሽጉ ከመሠራቱ ብዙ ዘመን በፊት ብላክፉት የሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች የድንኳናቸውን ጫፍ በድንጋይ ያስይዙ ነበር። ድንኳኑ ሲነሳ ድንጋዩ ባለበት ይቀራል። በክቡ መካከል አመድ፣ በእሳት የተሰነጠቀ ድንጋይ፣ የጎሽ አጥንት። ሊ. በእጇ እያሳየች ስታስረዳ አየኋት። በሩ በዚህ በኩል ነበር፣ ፀሐይ በዚህ ትገባ ነበር። የኔ ልጅ። ንፋሱን አሸንፎ የሚሰማ ድምፅ አውጥታለች።

የድንኳን ፓርኪንግ ነዋ፣ አልኩ። ትንሽ ሳቀች። ጋ.ኪ. ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ድንኳኑን ነፋስ ወሰደው፤ ድንጋዩ ግን ቤቱ የት እንደነበር አልረሳም» አለ። ሊ. ስልኳን አውጥታ ጻፈችው።

እኔ ስናገር ትስቃለች። እሱ ሲናገር ትጽፋለች። እዚያው ገሏን ጣልኳት።

ጋ.ኪ. ግን አላያትም። ጉልበቱን አሞት አጥሩን ተደግፎ ነበር፤ ድንጋዮቹ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ያየቻት እዚያ የሚካሄደው ቁፋሮ ኃላፊ ናት፣ ረዥም ሽበታም ሴት። ሁላችንንም ባለንበት አስቆመችን። ባንዲራ ተተከለ። ፎቶ ተነሳ። ሁለት ተማሪዎች በመለኪያ ገመድ መጡ። እንዲህ ያለ ሸክላ እዚህ አይተን አናውቅም ትላለች፣ ዓይኗ እያበራ። ቀጥሎ ጎንበስ ብላ አየችና ብርሃኑ ጠፋ። ይኼ የዚህ አገር ጭቃ አይደለም፣ አንድ ሰው ይዞት መጥቷል አለች። ሊ.ን ዞራ አየቻት። ጎብኚ ከውጭ ምንም ይዞ እንዳይገባ የሚጠብቀው አስጎብኚው ነው ለካ። ሊ. መግቢያው ላይ ነግራን ነበር። እኔ ኮፍያዬን ሳስተካክል ነው ያመለጠኝ።

የሊ. ከንፈር ነጭ ሆነ። አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ደረቀ። ምናልባት ከንፋሱ ይሆናል።

ጋ.ኪ. ከአጥሩ ተላቆ መጣ። ገሏን አየ፣ እኔን አየ። በዚያ በመምህር እንግሊዝኛው፣ ይቅርታ እመቤቴ፣ የኔ ናት አለ። የአገር ማስታወሻ ናት፣ ከኪሴ ወደቀች። ሴትዮዋ እንደ ተማሪ ገሠጸችው። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ አዳመጠ። ሊ.፣ «አይዞዎት ጋሼ» አለችው።

አየህልኝ? ጥፋቴን እንኳ ወሰደብኝ። «አይዞህ» መባል የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ስንመለስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወርዶ በመስኮት ጎንበስ አለ። «በቀለ፣ ገሏን አልመልስም ብለዋል። ድስት ከቀረህ ሌላ ስበር»። ሳይስቅ ሄደ።

በቀልድም በለጠኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። የሥራ እረፍት ላይ

አልማዝ ደወለች። የምትነግረኝን ነገር መጀመሪያ ቁጭ ብዬ እንድሰማ ጠየቀችኝ። መሰላል ላይ ነበርኩ። መሰላሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው ቅዳሜ ይመጣል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋ.ኪ. ነው። የዮናስ እናት ታላቅ ወንድም። ዮናስም አባት የለውም፣ ያሳደገው አጎቱ ነው። ቸርቹን ለውጦ ከዊኒፔግ የመጣውም ለዮናስ ብሎ ነው። ሽማግሌ ሳይገባ እንዳላውቅ ተብሎ ነው የተደበቀው፤ ደንቡ እንዲያ ነው።

የፋሲካውስ ስልክ? አልማዝ ሳቀች። ሊያ ገና ያኔ፣ አባቴ ጋሼ በቀለ ነው፣ ወደሱ ኑ ብላ ነግራዋለች። ሰውዬው ስለ አንተ ነው የሚጠይቃት፣ አለች። ምን ይወዳል፣ ምን ያስቆጣዋል፣ ከስንት ቀልድ በኋላ ቁምነገር ይጀምራል። የፍሪጁን ታሪክ ሰምቶ ፈርቷል። ጉልበቱ መቆም አይችልም። ታስብበታለች ያልኩህም ሚስጥሩ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ በራሴ ስቀና ከርሜያለሁ።

ደስ ሊለኝ ይገባል። አላለኝም። ሊ. አባቴ ያለችው ሰው እሷ ከንፈሯ ነጭ ሲሆን ዝም ያለ ሰው ነው። እሷ ይኼን አታውቅም። ቅዳሜ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጥፋቴን የተሸከመው ሰው ከፊቴ ቆሞ ልጅህን ስጠን ሊለኝ ነው። ምን ብዬ እመልስለታለሁ?

ልንገራት? ከነገርኳት ቦታዬን ለሌላ ብትሰጠውስ።

ደግሞ ባትሰማው ማን ይጎዳል? ጋ.ኪ. አይናገርም። እሱ እንዲያ ዓይነት ሰው ነው፤ የሚያናድደኝም ይኼው ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ነገርኳት።

ሊ. ለእረፍት ቀኗ ከተማ ገብታ ነበር። ሰንሪጅ፣ ምግብ አዳራሹ፣ የምሳ ሰዓቴ። ድንች ጥብስ ገዝቼላት ራሴ በላሁት። መቅድም አበዛሁ። ስለ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ነገርኳት፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ነገርኳት። እሷ እያየችኝ ነው። በመጨረሻ፣ ገሏን የጣልኳት እኔ ነኝ አልኩ።

«አይ ኖው። አውቃለሁ።»

እንዴት?

«ጋሼ፣ ድስቱን የሰበርኩት እኮ እኔ ነኝ። ቤትህ ውስጥ ኳስ ስጫወት። መስመሩን ሳየው ወዲያው ሪኮግናይዝ አደረግኩት።»

እውነት ነው። ያን ቀን ስታለቅስ፣ ድስቱ ራሱ ነው የሰለቸው ብያት አስቄያታለሁ። እኔ ረስቼው፣ እሷ አልረሳችውም።

ለምን ዝም አልሽ ታዲያ አልኳት። አንተ እስክትናገር ስጠብቅ ነበር አለች። ድምፅዋን አልጨመረችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለኃላፊዋ ግን እሑድ ዕለት ራሷ ሄዳ እውነቱን ተናግራለች፤ የጋሼ ኪዳኔ ስም እንዲጠፋ አልፈለገችም። አሁን ከማስጎብኘት አውርደዋታል። እስከ በጋው መጨረሻ ተጎታች ቤት ውስጥ አጥንት በጥርስ ብሩሽ ታጥባለች። በአንድ ቀልድ።

ምን ላድርግ አልኩ። ለሴትዮዋ በእጄ ይቅርታ እንድጽፍ አዘዘችኝ፤ ቀልድ የሌለበት። እሺ። ቅዳሜስ፣ አልኩ። ድምፄ ራሴን አሳፈረኝ። ቅዳሜስ ማን ይቀበላል?

ድንች ጥብሴን ጎትታ ወሰደች። «አንተ ነህ። ሌላ ማን አለኝ? ባት ጋሼ፣ እንዳታስቆማቸው።»

አንተ ነህ አለች። ያ አንተ፣ ቅዳሜ ሙሉ ስቆጥረው የዋልኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12። ከቀትር በፊት፣ አልማዝ ቤት

ልብሴ ተተኩሷል። ከረቫት፤ የራሴ። አልማዝ ሦስቴ ፈትታ አሰረችልኝ። ሊ. ፎቅ ላይ ናት፤ እንዳትታይ ተብላ በደረጃው ቀዳዳ ታያለች። ይቅርታውን ትናንት ላኩት። አንድ ቀልድ ገብቶበት ነበር፣ አወጣሁት።

ጠዋት ጋ.ኪ. ጋ ደወልኩ። ሽማግሌና ተቀባይ በዚህ ቀን አይደዋወሉም፤ ደንብ አፈረስኩ። ስለ ገሏ አመሰገንኩት። የምን ገል አለኝ። ጋሼ፣ ዛሬ ገና ሲገቡ ይቀመጡ አልኩት። «አይሆንም። ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም፤ የሰው ልጅ ልጠይቅ ነው የምመጣው» አለ። በዚያ ጉልበት። አሁንም እቀናበታለሁ፣ ደብተሬ። እንዲህ ያለ ሰው ሆኖ መፈጠር እንዴት ነው?

አስቤበታለሁ። ክንድ ያለውን ወንበር ከበሩ አጠገብ፣ እጁ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጫለሁ። ካልተቀመጠ እንዲደገፈው። እኔ ደግሞ በአባቷ ቦታ ተኮፍሼ አልጠብቀውም። እሱ እስከቆመ እቆማለሁ። ስለ አየር አልጠይቅም፣ ስለ መንገድ አልጠይቅም። ምን እግር ጣላችሁ ብዬ፣ መልሱን ሰምቼ፣ እሺ ልል ነው።

ጸሎቱን ካስረዘመው ግን ወንበሩን እኔ ልቀመጥበ…

የበሩ ደወል ጮኸ።