አባባ እንዳሉት የሞላሁት ቅጽ

ለውድ ወንድሜ ለድረስ ቢራራ፤

እንደምን ሰነበትክ፣ ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳልህ ተወህ ወይስ እዚያ ቆላ ድረስ ተከትሎህ ወረደ? ምግቡስ ተስማማህ? ሁዳዴን እየጾምክ ነው ወይስ እማማ እንደምትጠረጥረው ነህ? እኛ ከደባርቅ ብርድና ከእኔ ጥፋት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ላሚቱ ወልዳለች። የስጦታ የፊት ጥርሶች ወልቀው የገዛ ስሟን መጥራት አቅቷታል። ደኅና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ አባባ አጠገቤ ስለሚቆሙ ነው። እሳቸው ሲያወሩ ስልኩን ንቀው በራሳቸው ድምፅ አንተ ዘንድ ለመድረስ እንደሚጮኹ ታውቃለህ፤ እኔ ሳወራ ደግሞ ጆሯቸውን ይዘው ይጠጉኛል። ስለዚህ ይህን አያቱን ቀብሮ ነገ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢያችሁ ለሚመለሰው ለማዕረግ እሰጠዋለሁ። ማዕረግ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ስለሚወድ ፖስታውን በመርፌና በክር ሰፍቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባባ መሥሪያ ቤት አንተ የምትማረው ነገር ደረሰበት። የሰው ሀብት አስተዳደር ደረሰህ የተባለ ጊዜ መምሬ ገብረ ክርስቶስ "ሰውን የሚያስተዳድር እግዚአብሔር ነው፤ ለዚህ ልጅ ምን ሊተርፈው ነው?" ብለው እንዳዘኑልህ፣ አባባም ለጎረቤቱ ሁሉ "ከሕክምና ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ሰው ላይ ነው" እያሉ እንደዞሩ ትዝ ይልሃል? አሁን ማንም አይስቅም። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ፤ ሠራተኛው ሁሉ ከመደቡ ተነሥቶ እንደ አዲስ ይደለደላል ተባለ። በድልድሉ ቦታ ያላገኘውን "ተንሳፋፊ" ይሉታል። እማማ መጀመሪያ ስትሰማ "ደባርቅ ላይ ደግሞ የምን ውኃ አለና ነው?" ብላ ነበር፤ ትርጉሙ ሲነገራት ግን ቃሉን ዳግመኛ አላነሣችውም። ዳባት ላይ ድልድሉ ባለፈው ወር ተለጥፎ አንድ የአባባ ጓደኛ ስሙን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ፈልጎ አጣው።

የድልድሉ ኮሚቴ ውስጥ ምስክር የሚባል ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ አለ። ሰዓት ይዞ አባባ ፋይል የሚጠብቁበት መዝገብ ቤት በር ላይ ሦስት ቀን ቆመ። የአባባን አሠራር ታውቃለህ፤ ፋይል በፊደል ተራ አያስቀምጡም፣ በአጥቢያና በዘር ነው። የጊች ሰው ከጊች፣ የአምባራስ ከአምባራስ፤ ወንድማማች ጎን ለጎን፣ የተካሰሱ ዘመዳሞች ደግሞ እንዳይጣሉ በመካከላቸው የአንድ ቄስ ፋይል። ባላገር ሲመጣ "የማን ልጅ ነህ? እናትህስ ከወዴት ናት? ደብርህ ማን ነው?" ይሉታል። ምስክር ሰላምታ መስሎት "ሃያ ሁለት ደቂቃ በወሬ" ብሎ ጻፈ። እሳቸው ግን ፋይሉን እየፈለጉ ነበር።

ከዚያ ቅጹ መጣ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ስለ ሥራው የሚሞላው። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጾም ልንፈታ ስንል፣ አባባ መነጽሬ ደክሟል ብለው እኔን ጠሩኝ። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ዋና ዋና ተግባራትዎ ምንድን ናቸው ይላል፤ "ቁጭ ማለት ነዋ፤ የጠየቀኝን እሰጣለሁ" አሉ። በሥራዎ ያስገኙት ውጤት ይላል፤ "ምን ሠራሁና፣ የሠራው ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው" አሉ። የሥራ መደቡ ቢታጠፍ ምን ይጎድላል ይላል፤ እሳቸውም ሳቅ ብለው "ምንም። ከእኔ የተሻለ ሞልቶ" አሉ።

የኛ አገር ሽማግሌ ስለ ራሱ ሲጠየቅ እንዲህ እንደሚል አንተም እኔም እናውቃለን። ቤት ሠርቶ ጎጆ ቀለስኩ ይላል፤ ሠንጋ አርዶ ለቅምሻ ያህል ነው ይላል። ይህን እያወቅሁ ግን አንድ ፊደል ሳልቀንስ ያሉትን ሁሉ ጻፍኩት። ለጨዋታ ነበር፣ ወንድምዓለም። ጮክ ብዬ ላነብላቸው፣ አፋቸውን ይዘው ሲደነግጡ ልስቅ፣ ከዚያ መሥሪያ ቤታቸው በጸሐፊነት ከምትሠራው ከጎረቤታችን ከወርቄ ሌላ ቅጽ ተቀብዬ ደህናውን ልጽፍ ነበር። ገና አንድ መስመር ሳላነብ መምሬ ገብረ ክርስቶስ ከተፍ አሉ። ጾም በሚፈታበት ሰዓት የሚመጡበትን ብልሃት ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። አባባ ብድግ ብለው ተቀበሏቸውና ቅጹን ከእጄ ወስደው ሳያዩ ፈረሙ። ይባስ ብለው ለመምሬ እያሳዩ "የልጄን ጽሕፈት አዩልኝ?" አሉ። መምሬም ወረቀቱን ዘቅዝቀው ይዘው "ግሩም ነው" አሉ። እኔም ለመምሬ ወንበር አቀረብኩ። ጠዋት እነግራቸዋለሁ ብዬ ስነሣ አባባም ቅጹም የሉም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ልነግራቸው እሄድና ስለ ላሚቱ አውርቼ እመለሳለሁ። ዓርብ ወርቄ ጎትታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ቅጹ ኮሚቴው ፊት ሲነበብ መጀመሪያ ሳቁ አለችኝ፤ ከዚያ ሰብሳቢው "ሰውየው ራሱ ምንም አይጎድልም ካለ እኛ ምን ቤት ነን?" ብሎ ወረቀቱን ለብቻው አስቀመጠው። ድልድሉ የፊታችን ዓርብ ይለጠፋል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሠሩበትን ቤት በእኔ እስክሪብቶ ዘጋሁባቸው። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ የወፍጮ ድንጋይ እንደተሸከምኩ ነው የምሄደው።

ስለ ወፍጮ ካነሣሁ፣ ትናንት የተናዘዝኩት እዚያ ነው። ገብስ ይዘን ተራ ስንጠብቅ፣ በዚህ ጩኸት መካከል ሌላ ሰው አይሰማኝም ብዬ ተጠግቼ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። አፌን ጆሯቸው ላይ አድርጌ ባለኝ ኃይል "ምንም አልሠሩም ብዬ ጻፍኩ" ብዬ ስጮህ መብራት ጠፋና ወፍጮው ዝም አለ። የደባርቅ ሴት ሁሉ ዱቄት እንደለበሰ ዞሮ አየን።

አባባ የገብሱን ጆንያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፉት። መብራቱ መጥቶ አስፈጭተን አህያውን እየነዳን ስንመለስ "በቃልሽ በይልኝ" አሉኝ። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ አልኩላቸው። "ምንም፣ ከእኔ የተሻለ ሞልቶ" ላይ ስደርስ ቆሙ። "እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩ?" አሉ። አዎ አባባ አልኳቸው። "አዎ፣ ብያለሁ" አሉና እንደገና መራመድ ጀመሩ። በዱላ ቢመቱኝ በወደድኩ። ሄደው ለኮሚቴው እንዲያስተካክሉ ለመንኳቸው፤ ሰው ራሱን በአፉ ሲያመሰግን አያምርም፣ ሌላ ሰው ይበለው እንጂ፣ አሉኝ።

ግን ማን ይበልላቸው? መንግሥት ሲለወጥ ቢሮው እንዳይዘረፍ ያንን ሁሉ ፋይል በሁለት በቅሎ አመላልሰው ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ደብቀው አምስት ወር እንደጠበቁት እማማ ነች የነገረችን፤ እሳቸውማ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። ያን ጊዜ ምስክር ገና ጡት አልጣለም ነበር።

ድረስ፣ የሚያስፈራኝን አሁን ልንገርህ። ቤት እንደገባን አባባ ከደብተሮቼ መካከል አንድ አዲስ መረጡና "ጻፊ" አሉኝ። ጻፍኩ። "በሩን ስትገቢ በቀኝ፣ የላይኛው መደርደሪያ፣ ጊች። ከግራ የሚጀምረው የእነ ወልደ ሩፋኤል ቤት ነው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተዋልና ፋይላቸውን እንዳታገናኚው" እያሉ፣ አጥቢያ በአጥቢያ፣ ቤት በቤት። ሠላሳ አንድ ገጽ ደርሰናል፤ ገና አምባራስ አላለቀም። ለማን ነው ስላቸው "ለሚመጣው ልጅ። እንዳይቸገር" አሉ። አንተ ትተኸው የሄድከው የትምህርት ሞጁል ላይ ሠራተኛ ለውጥ ሲመጣበት መጀመሪያ ይክዳል፣ ከዚያ ይቆጣል ይላል። አባባ አልካዱም፣ አልተቆጡም፤ ተቀምጠው ወንበራቸውን ለማያውቁት ሰው ያስረክባሉ። እንዲህ ያለው ሰው የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው?

ዛሬ ደብረ ዘይት ነው። መምሬ ስለ ዳግም ምጽአት፣ በቀኝና በግራ ስለሚቆሙት ሲያስተምሩ፣ እኔ ይታየኝ የነበረው የማስታወቂያ ሰሌዳው ነው። አባባ አጠገባቸው ላለው ሰው ቦታ እየለቀቁ ነበር።

እባክህ እርዳኝ። ከተለጠፈ በኋላ ለቅሬታ አምስት ቀን አለ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በወርቄ ሞባይል ደውል፤ ቅሬታ እንዴት እንደሚጻፍ አንተ ተናገር፣ እኔ እጽፋለሁ፤ በዚህ ሥራ ልምድ አለኝ። የበቅሎዎቹንም ነገር እንጨምርበታለን፤ ደብተሩንም አያይዘዋለሁ። ይህን ጊዜ ግን እያንዳንዱን ቃል ሳላነብላቸው አይፈርሙም። ራስን ማመስገን ነው ብለው እምቢ ካሉኝ፣ ሌላ ሰው ይበለው ብለዋልና ሌላው ሰው እኔና ድረስ ነን እላቸዋለሁ።

እማማ ግንባርህን ትስምሃለች፤ ስለ ጾሙ የጠየቀችህን ሳትዋሽ መልስላት። ስጦታ ጥርሷን ጣራ ላይ እንደጣለች ንገሪው ብላኛለች። መምሬ ገብረ ክርስቶስ ይባርኩሃል፤ ሰው ማስተዳደር ጀመርክ ወይ ይሉሃል። ወርቄ ሰላም ትልሃለች። አባባ ደብተሩን ታቅፈው ከበላዬ ቆመዋል፤ ለማን እንደምጽፍ አውቀው "ሰላም በይልኝ፤ ሁሉ ደኅና ነው፣ አያስብ በይው" አሉኝ። እንዳሉኝ ጻፍኩ። አንተ ግን እንደጻፍኩት አትመን።

ታናሽ እህትህ
ሠርካለም ቢራራ
ደባርቅ፣ መጋቢት 13 ቀን 2001 ዓ.ም.