አባትሽ መቃብር ላይ ተቀምጬ

ዮስቲናዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ከተለየሽን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በአማርኛ መጻፌ አይግረምሽ፤ ፊደሉን ከሊያ ጋር እኩል ጀምረሽ ልጅሽን ቀድመሻት የጨረስሽው አንቺ ነሽ። እሷማ ዛሬም ቴክስት ስልክላት ስልኳ ነው የሚያነብላት።

ቤቱ ደህና ነው። እኔ ሪታየር አድርጌ በሽተኛ የማመላልስበትን ቫን አስረክቤያለሁ። ሊያ ትምህርቷን ጨርሳ እዚሁ ሳን ሆዜ ሥራ ይዛለች፤ ወጥ ቤቱንም ሳታማክረኝ ቢጫ ቀብታዋለች። ጓሮ የተከልሽውን ሚጥሚጣ እኔ በውኃ ጥም ልገድለው ስል እሷ ደረሰችለት፣ ዘንድሮም አፍርቷል። ሩዝ ግን አሁንም አልሆነልኝም። ወይ ገንፎ ይሆንብኛል፣ ወይ ድስቱ ላይ ሙጭጭ ይላል። አንቺ ብትኖሪ ማንኪያውን ቀምተሽ ወደ ሳሎን ታባርሪኝ ነበር።

ትልቁን ወሬ ልንገርሽ። እኔና ሊያ እናንተ መንደር ሄደን መጣን።

አዎ፣ ያቺ ማንም የማያውቃት መንደር። ኢንዶኔዥያ ነኝ ባልሽ ቁጥር ሰው ሁሉ ባሊ ነው ወይ ይልሽ ነበር። ፍሎሬስ የምትባል ሌላ ደሴት አለች ብለሽ እስክታስረጂ ሰዉ ይሰለቻል፣ መንደርሽ ጋ ሳትደርሺ ወሬው ያልቃል። እስከ መጨረሻው የሰማሁሽ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱም መሪ ይዤ መሸሻ ስላልነበረኝ ነው። ትዝ ይልሻል? አላሜዳ ከተማ የምትንከባከቢያቸውን አሮጊት ወደ ሐኪም ለማድረስ ስመጣ አብረሽ ተሳፈርሽ፣ ቆሎ ስቆረጥም በመስታወት አየሽኝ። ምንድን ነው አልሽ፣ ዘግኜ ሰጠሁሽ። እኛም በቆሎ እንዲህ እንቆላለን ብለሽ ጀመርሽ፣ በዚያው ዕድሜ ልካችንን ስታወሪኝ ኖርሽ።

ሙታናችን ግቢያችን ውስጥ ናቸው፣ በላያቸው ቅርንፉድ እናሰጣለን ያልሽኝ ቀን ግን መንዳቱ ጠፋብኝ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ሰው እንዴት የአባቱ መቃብር ላይ እህል ያሰጣል፣ ልጆች እንዴት በላዩ ይጫወታሉ ብዬ ተቆጣሁሽ። አንቺ ደግሞ ታዲያ ብቻውን ይቀመጥ? ብለሽ በእኔው ተገረምሽ።

አሁን የሆዴን ልናገር። ታመሽ የተኛሽ ጊዜ ብትችል እናቴ ግቢ ውሰደኝ፣ ካልተቻለም አትጨነቅ አልሽኝ። ኋላ ለሰው ሁሉ ፔፐርወርኩ አስቸግሮን ነው አልኩ። ውሸት ነው ዮስቲ። አንድ ወረቀት እንኳን አልጠየቅኩም። ካንቺ መራቅ አቅቶኝ ነው ኦክላንድ ያስቀበርኩሽ።

አስቀርቼሽስ ምን አደረግኩ? ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ካንቺ ሃያ እርምጃ ላይ መኪናውን አቆማለሁ፣ ሞተሩን እንኳን አላጠፋም። ሬዲዮ እሰማለሁ። ከዚያ ዞሬ ወደ ሳን ሆዜ እነዳለሁ። ከተቀበርሽ ወዲህ አንድ ቀን ከመኪና ወርጄ አላውቅም ነበር። ስምሽን ድንጋይ ላይ ማንበብ ፈራሁ፣ ይኸው ነው። ሙት ዓመትሽ ዕለት እንኳን እግሬን አሞኛል ብዬ ሊያንና ቄሱን ብቻቸውን ሰደድኳቸው። ሊያ እግሬ ደህና መሆኑን ታውቃለች።

እናትሽን ዓይናቸውን አይቼ ይቅርታ ካልጠየቅኩ ሰው አልሆንም ብዬ ነው የተነሳሁት። ሦስት አውሮፕላን ቀያይረን ፍሎሬስ ደረስን። የቀረውን መንገድ ወንድምሽ በጭነት መኪናው ወሰደን። ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰውዬ ዓይኔን ጨፍኜ መጓዜን ለማንም እንዳትነግሪ፤ ወንድምሽ ኩርባውን ሁሉ በአንድ እጁ ነው የሚዞረው።

መንደርሽ እንዳልሽው ናት። ተራራው አናቱ ላይ ደመና አለ፣ ከሥሩ ቀርከሃው። በቆሎው በልባሱ ታስሮ ከየቤቱ ጣራ ሥር ተንጠልጥሏል። የቅርንፉድ ለቀማ ላይ ደርሰን አገሩ ሁሉ ሻይ ሻይ ይሸታል፤ መንገዱ ላይ ስላሰጡት መኪናው ራሱ በጎን በኩል ተለማምጦ ነው የሚያልፈው። እኔንም ቁጭ አድርገው እንቡጡን ከዘንጉ መለየት አስተማሩኝ። የአክስትሽ ልጆች አንድ ቁና ሲጨርሱ እኔ አንድ እፍኝ ይዤ እታገላለሁ። ሳቁብኝ፣ ሳቅኩ። ስንት ዓመት አንቺ ስታወሪኝ ዝም ብዬ መሪ ስይዝ የነበርኩት ሰውዬ፣ ያ ሁሉ እውነት መሆኑን ያን ቀን ነው ያመንኩት።

እናትሽ ከደጃቸው፣ አባትሽ መቃብር ላይ ተቀምጠው ነበር። ያ ሰማያዊ ሴራሚክ የለበሰው፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ የቤት ሥራ የምትሠሪበት። አጠገቡ ሣር ያልበቀለበት፣ ንጹሕ ተደርጎ የተጠረገ ባዶ ቦታ አለ። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፣ ያንቺ ነው። እናትሽ ጠዋት ጠዋት ይጠርጉታል። ይቅርታ አልኩ፣ ጉልበታቸውን ይዤ በማያውቁት አማርኛ ይቅርታ አልኩ።

አልተቆጡኝም። አንድ ነገር ብቻ በሊያ በኩል ጠየቁኝ። እዚያ ማን አብሯት ይቀመጣል? አሉኝ።

ዋሸሁ ዮስቲ። ለሊያ፣ ሁልጊዜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እውላለሁ በያቸው አልኳት። ሊያ አየችኝ። እኔ ወደ ተራራው ዞርኩ። አማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ካንቺ በለመደችው ቋንቋ ረጋ ብላ ብዙ ነገረቻቸው። አንዲት አረፍተ ነገር እንዴት እንዲህ ረዘመች ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። እናትሽ ሰምተው ሲጨርሱ ሴራሚኩን በእጃቸው መታ መታ አድርገው አስቀመጡኝ፣ አባትሽ ላይ። የተቀቀለ በቆሎ እጄ ላይ አደረጉልኝ። እስከ ምሳ ሌላውን እጄን አልለቀቁትም። እኔ ሞኙ ውሸቴ ሠራልኝ ብዬ ልቤ አረፈ።

ሳን ፍራንሲስኮ ከአውሮፕላን ወርደን ሊያ ነበረች የምትነዳው። ወደ ሳን ሆዜ በመሄድ ፈንታ ድልድዩን ወደ ኦክላንድ ተሻገረች። የት ነው ስላት መንዳቷን ቀጠለች። ድልድዩ መሃል ላይ ስንደርስ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ያልኳትን አልተረጎመችም። ለአያቷ የነገረቻቸው እውነቱን ነው። አባቴ ሁልጊዜ ይሄዳል፣ ግን ከመኪና መውረድ ይፈራል፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል ብላቸዋለች። እናትሽ ይህን ሰምተው ነው እንግዲህ አጠገባቸው ያስቀመጡኝ። መቃብር ላይ መቀመጥ የማያውቀውን አማቻቸውን እያስተማሩት ኖሯል፣ ለካ።

አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ቀለለኝ።

ሊያ እኔ የማቆምበት ቦታ ላይ አቆመች፤ እሱንም ታውቀዋለች፣ አንድ ቅዳሜ ሳላያት አይታኝ ኖሯል። ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ በሬን መጥታ ከፈተችልኝ። ሻንጣው ከነልብሱ ኋላ ነው። ሃያው እርምጃ እንደ ፍሎሬስ መንገድ ረዘመብኝ። ድንጋይሽ ከሣሩ እኩል ነው፣ ለመቀመጫ አይሆንም፤ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ስምሽን አነበብኩት። ጮክ ብዬ አለቀስኩ፣ ሊያ እጄን ያዘችኝ። ቆይቶ እንባዬ ሲቆም ስለ ወንድምሽ አነዳድ እያነሳን ሁለታችንም ሳቅን፣ ፀሐይ እስክትበርድ እዚያው ዋልን።

ዮስቲናዬ፣ እናትሽ ግቢ ስላላደረስኩሽ ይቅር በዪኝ። በሕይወት እስካለሁ ብቻሽን አትቀመጪም። አንቺ በወሬሽ ዕድሜ ልኬን አጫወትሽኝ፣ የቀረውን እኔ አወራለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ሞተሩን አጠፋለሁ፣ እወርዳለሁ።