ስለ ፍሬሰላም ዘጠኝ የጥያቄ ምልክቶች

ለተከበሩ አቶ ወልደአረጋይ
የወረዳችን ጽሕፈት ቤት የሲስተም ክፍል ኃላፊ፣ ካዛንቺስ

አይደለም ጋሼ፣ ጥፋቱ የእህቴ ስም አይደለም! ትናንት በጸሐፊዎ በኩል «ስሟ ነው ሲስተሙን ያስቸገረው» ያስነገሩኝን እስካሁን ማመን አቅቶኛል። ይቅርታ፣ ንዴቴ ሰላምታዬን ቀደመው። ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎ፣ ማህተምዎ፣ ስብሰባዎ ሁሉም ደህና ናቸው? እሰይ።

አንደኛ፣ የታናሽ እህቴን የፍሬሰላም ታዲዎስን የልደት ሰርተፊኬት በሦስተኛው ቀጠሮ ስላተሙልን ከልብ አመሰግናለሁ። በእሷ ስም ቦታ አምስት የጥያቄ ምልክት፣ በአባታችን ስም ቦታ አራት። ማለቴ፣ የፊደሉ ብዛት እንኳ አልተሳሳተም፤ ጥንቃቄያችሁ ያስቀናል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄ ምልክቷ ፍሬሰላም መሆኗን ሦስት ሰው ይመስክር ስላላችሁን አመሰግናለሁ። ጋሽ ሃድጉ በከዘራቸው ከቄራ ድረስ መጡ፣ እትዬ ኩልሱም ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፣ የእድራችን ዳኛም ሥራቸውን ትተው መጡ። ሦስቱም ቀኝ እጃቸውን አንስተው መሰከሩ። ከዚያ የምስክርነቱን ወረቀት በዚያው ሲስተም አተማችሁት፤ በቃ፣ ምስክሮቹም ጥያቄ ምልክት ሆነው ወጡ። አሁን ለጋሽ ሃድጉ ማን ይመስክርላቸው?

ሦስተኛ… መቁጠሩን ትቼዋለሁ፣ ተናድጃለሁ።

እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ደምበል አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ ነኝ፤ ጃቫ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የተማርኩት ከስልኬ ነው። ቴክኒሻናችሁ መብርሃቶም ኮዱን ሲያሳየኝ ግን ችግሩን አየሁት። ስሟ ዳታቤዙ ውስጥ በአማርኛ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ሰርቨሩ ግን ገጹን ከመላኩ በፊት ለብራውዘሩ «የምልክልህ የድረ ገጽ ጽሑፍ፣ ኤችቲኤምኤል ነው፤ ፊደሉም አማርኛን የሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 ነው» ማለት አለበት። ካላለ ጃቫ በላቲን ፊደል ይሄድና የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። መብርሃቶም ያቺን መስመር ጽፏታል፤ የጻፋት ግን ጽሑፉን የሚያወጣውን ራይተር ከከፈተ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጃቫ አይሰማም። ሠርጉ ካለቀ የጥሪ ካርድ እንደ መበተን ነው። አንድ መስመር ወደ ላይ ማውጣት ብቻ! እሱም ገብቶታል፤ ያለ እርስዎ ፊርማ ግን ኮድ አይነካም። እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነዎት።

የፍሬሰላም የፈተና ምዝገባ ነገ ጠዋት ይዘጋል። ትምህርት ቤቱ ጥያቄ ምልክት አልመዘግብም ብሏል፣ እውነቱን ነው። እኔ ትምህርቴን ያጣሁት በገዛ ግልፍተኝነቴ ነው፤ እሷ ግን ምን አጠፋች? ከክፍሏ አንደኛ ናት እኮ። ጮህኩ፣ ጥበቃው አስወጣኝ። ለመንኩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ ተባልኩ። ከዚህ በላይ ምን እንደሚደረግ አላውቅም።

በተዘጋው በርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ እስካሁን በፊደል የምጠራ አክባሪዎ፣
ሩቲ ታዲዎስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስልኬ ለሰርተፊኬቱ ባስገባነው ማመልከቻ ላይ አለ፤ ቁጥር ስለሆነ ሲስተማችሁ እንኳ ሊያበላሸው አልቻለም። ይፈርሙና ሳይመሽ ይደውሉልኝ።