ከጭስ ላይ የሰቀልኳቸው ደብተሮችሽ

ታደለች፣ የልጆቼ እናት፣

እስክሪብቶውን የያዘችው የወንድምሽ ልጅ ማርታ ናት። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ አንድም ነገር እንዳታሳምር ቃል አስገብቻታለሁ።

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገባ። ትልቁ ልጅሽ ከቦኖሻ መጥቶ የቤቱን ክዳን በቆርቆሮ ለወጠው። ዝናብ ሲጥል የራሴን ጸሎት እንኳ አልሰማም። ማድ ቤቱን ግን አላስነካሁም፤ የሳር ክዳኑ እንዳለ ነው። ጥፋቴም የተሠራው እዚያው ነው።

ጡረታ ከወጣሽ በኋላ የድሮ የእንግሊዝ ጸሐፊዎችን ኑሮና ሥራ ለተማሪዎች ብለሽ በአማርኛ የጻፍሽባቸው ሦስቱ ደብተሮች አሉ አይደል? የሞቱ ፈረንጆች ምን ያደርጉልሻል እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። አንቺ ደግሞ ስቀሽ በሀዲይኛ ታወሪልኝ ነበር። ዓይኑ ጠፍቶ መጽሐፉን እየተናገረ ያስጻፈውን ሰውዬ። በሩ ሲጥ ባለ ቁጥር ወረቀቷን የምትደብቀውን ሴትዮ። መጽሐፋቸውን በወንድ ስም ያወጡትን ሦስት እህትማማቾች። ለእነሱ ተናድጄ አባታቸው የት ነበር ብልሽ፣ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ።

ስትሞቺ ደብተሮቹን ለማንም አልሰጥም አልኩ። ሳጥን ውስጥ ብተዋቸው ምስጥ ይበላቸዋል። ስለዚህ ዘር በቆሎን ከነቀዝ እንደምናድነው አደረግኳቸው፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቀልኳቸው። አባቴ እንዲህ ያቆየው ዘር ሳይበቅል ቀርቶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ቀና ብዬ ሳያቸው እኮራ ነበር።

ባለፈው ወር ያስተማርሽበት ትምህርት ቤት፣ በኮምፒውተር ጽፈን ለቤተ መጻሕፍቱ እናስቀምጣቸው ብሎ እዚያው የምትሠራውን ማርታን ላከ። እኔው ራሴ መሰላል ላይ ወጥቼ አወረድኳቸው። ከሳሩ ጥላሸት ይዞ የሚወርደው የዝናብ ጠብታ ጨርቁን አልፎ ገብቷል። ማርታ ስትገልጣቸው ወረቀቱ እንደ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ተሰባበረ። ፍርፋሪውን በመዳፏ ሰብስባ፣ “አባባ፣ ከመጀመሪያው ደብተር ጥቂት ገጽ ብቻ ነው የሚነበበው” አለችኝ።

ማንበብ የምችል ብሆን አንድ ቀን አውርጄ እገልጣቸው ነበር፤ በጊዜ እደርስባቸው ነበር። ላስተምርህ ስትዪኝ ከሚስቴ ፊደል አልቆጥርም ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ማርታ ሳትቀንስ ትጻፈው።

አሁን ከሥራ ስትወጣ እየመጣች የነገርሽኝን ትጠይቀኛለች። ታሪኩን እነግራታለሁ፤ ስሙ ማነው ስትለኝ አላውቅም። ለእኔ ዓይነ ስውሩ ዓይነ ስውሩ ነው። ስሙንስ ከሌላ መጽሐፍ አገኘዋለሁ ትላለች። የአንቺን አነጋገር ግን ከየት ታመጣዋለች? እሱ ያለው ጆሮዬ ውስጥ ነው። ጆሮዬም እያረጀ ነው። ባለፈው ሳምንት ወረቀቷን የምትደብቀው ሴትዮ መጨረሻዋ ጠፋኝ። አግብታ ነበር? ታማ ነበር? ነግረሽኛል፣ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ። ሁለት ቀን ፈለግሁት፤ የለም።

ሁሉንም ሳልነግራት አልሞትም ብዬ ቃል ልገባልሽ ነበር። እንዲህ ያለው ቃል በእጄ አይደለም። ትዝ እስካለኝ ድረስ የአንቺን ቃል እናገራለሁ፤ ያልያዝኩትን ከራሴ አልጨምርም። ይህን ያህል ነው የምችለው።

ማርታ፣ እስቲ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ሴትዮዋ ጋ ስትደርሺ ቀስ በዪ፤ ምናልባት ይመጣልኝ ይሆናል።