ቁልቁለት ላይ ያልተፈተነ ትራክተር

ውድ ኤቨረት፣

ይህ ደብዳቤ የትኛው ወደብ ላይ እንደሚያገኝህ አላውቅም። መርከቧ ማዕድኗን ጭና ሐይቁን ስትወርድም ይሁን ባዶዋን ስትመለስ፣ ብቻ አንድ ቦታ ተቀምጠህ አንብበው። እኔ መቀመጥ አቅቶኛል። ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ምድጃው ውስጥ እንጨት እጨምራለሁ፣ በመስኮት አያለሁ፣ እመለሳለሁ። እናትህ «አንቺ ልጅ፣ ወይ ጻፊ ወይ ተይው፤ ወለሉን እኮ ጨረስሽው» ይሉኛል።

እንዲህ ያደረገኝ የእሁዱ ስልክህ ነው። «መርከቧ ለበረዶው ወራት ስትቆም እኔ እዚሁ መርከቧ ላይ ለጥገና እቀራለሁ» አልከኝ፣ ልክ ዳቦ ግዢ እንደማለት። ቀጥለህም «ቤቱን ሽጪው ማክሲን። የዚያን ዳገት በረዶ ማን ይጠርግልሻል? አምና እማዬን እንዴት እንዳወረድናት ረሳሽው?» አልክ።

አልረሳሁትም። አምቡላንሱ ዳገቱ ሥር በረዶ ይዞት ሲጮህ፣ ደረታቸውን የታመሙትን እናትህን በልጆች የበረዶ መንሸራተቻ ላይ አስረን፣ አንተ ከፊት እየሳብክ እኔ ከኋላ እየያዝኩ እንዴት እንደወረድን እንዴት እረሳለሁ? ግን ቤት መሸጥ አልፈለግኩም። ስልኩን ዘግቼ ጋዜጣውን አነሳሁና በረዶ መግፊያ ያለው አሮጌ የጓሮ ትራክተር የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ላይል ኦስትሩድ ይባላል፣ በዕድሜ የእኛ እኩያ ነው። ደውዬ «ሳልደርስ እንዳታስነሳው፤ ከነቅዝቃዜው ነው ማየት የምፈልገው» አልኩት። እሺ አለ።

እናትህ ካልሄድኩ አሉ። «በመንሸራተቻ የወረድኩት እኔ ነኝ። እኔም አያለሁ።»

ትራክተሩን ብታየው ታምር ነው። ቀይ ቀለሙ ያብረቀርቃል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ሞቋል።

«አስነስተኸዋል» አልኩት።

«ኧረ የለም፣ ፀሐይ መትቶት ነው።»

እናትህ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰማዩን ተመለከቱ። እንደ አመድ የጠቆረ ደመና ነው። «የትኛዋ ፀሐይ ናት ጃል? ለእኛም አሳየን።»

ላይል ሳቀ፣ ፊቱ ግን ቀላ። ሻጭ ገዢ ሳይመጣ ቀድሞ የሚያሞቀው ሞተር፣ በብርድ ጠዋት አልነሳም የሚል መሆኑን አንተም ታውቃለህ። የዘይት መለኪያውን አወጣሁ፤ ዘይቱ ገና ትናንት የተቀየረ ነው፣ ስለ ድሮው ምንም አይናገርም። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ተፋ። መሪውን ሳዞረው ጎማዎቹ ዘግይተው ነው የሚሰሙት። ተንበርክኬ ከሥር ሳይ፣ በወፍራም ቀለም የተሸፈነ የብየዳ ጠባሳ አለው። ያኔ መሄድ ነበረብኝ። ግን ቸኩዬ ነበር ኤቨረት፣ አንተን ልረታ ቸኩዬ ነበር።

«ቁልቁለት ላይ ልንዳው» አልኩ።

«ሜዳው ይበቃሻል» አለ ፈጠን ብሎ።

«የኛ ቤት ሜዳ ላይ አይደለም።»

ወደ አጥሩ በር የሚወርደውን መንገድ ያዝኩ። መሃል ላይ ስደርስ ማርሹ በራሱ ጊዜ ወጣ። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ እስከ ታች ገባ፣ የያዘው ነገር የለም። ታች በሩ ላይ እናትህ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ጮህኩ። ሳይሰሙኝ ቀርተው ይሁን፣ ሰምተው እግራቸው እምቢ ብሏቸው ይሁን፣ አልተንቀሳቀሱም። መሪውን በሙሉ ጉልበቴ መንገዱ ዳር ወዳለው የማገዶ ክምር ጠመዘዝኩት። እንጨቱ እንደ ጎርፍ ላዬ ላይ ወረደ።

አትደንግጥ፤ ጉልበቴ ተልጦ ነው እንጂ ደህና ነኝ። እናትህ እያነከሱ መጥተው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ይሄኛውን አንገዛም» አሉ።

ላይል እዚያው የተናደው እንጨት ላይ ተቀመጠ። «ባለቤቴንም ጥሏታል» አለ። «አምና፣ እዚሁ ቁልቁለት ላይ። ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ አበጀሁት ብዬ ነበር... ሜዳ ላይ ደህና ነው የሚሄደው።»

«እና ቀለም ቀብተህ ለሌላ ሴት ልትሸጠው!» አሉ እናትህ።

«ከዓይኔ እንዲጠፋልኝ ነው እማማ።»

«ካንተ ዓይን ሲጠፋ ከእኛ ደጅ ሊገኝ!»

ባለቤቱ የት እንዳለች ጠየቅኩት። «ከተማ፣ ልጃችን ጋ። ድናለች፤ ግን አልተመለሰችም። እኔም ነይ አላልኳትም። 'እንዴት ነሽ' እላታለሁ፣ 'ደህና' ትለኛለች፣ ከዚያ ስለ አየሩ እናወራለን።»

የእሁድ ስልካችንን በሌላ ሰው አፍ የሰማሁ መሰለኝ።

ላይል ተነስቶ የትራክተሩን ባትሪ ፈታና «ለብረት ለቃሚ ነው የምሰጠው፣ ማንም አይነዳውም» አለ። ከዚያ ወደ ጎተራው ወሰደን። ጥግ ላይ ባለቤቱ የአትክልት ቦታዋን ታርስበት የነበረ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ መቀመጫው የተቀደደ ሌላ ትራክተር ቆሟል። ኮፈኑን ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዘይቱ ጠቁሯል፣ ውሃ ግን አልገባበትም። ጥቂት አጉረምርሞ ተነሳ፣ ጭሱም ወዲያው ጠራ። የፊት ጎማዎቹን ይዤ ነቀነቅኳቸው፣ አልተንገጫገጩም። እናትህን መኪና ውስጥ አስቀምጬ ያንኑ ቁልቁለት ወረድኩበት። መሃል ላይ ፍሬን ያዝኩ። ቆመ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ገዛነው። በረዶ መግፊያውን ላይል ራሱ ገጠመልን። ስንለያይ «ዛሬ ልደውልላት ነው» አለኝ። ደውሎላት እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ዳገቱን ጠረግኩት፤ ቤት መግባት ስላስጠላኝ ደግሜ ጠረግኩት። የፈራሁት በረዶውን እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። አሁን ዳገቱ ምክንያት መሆኑ ቀርቷል። የቀረነው እኔና አንተ ነን። መመለስ ካልፈለግክ በጥገና አታመካኝ፤ ከፈለግክም አንተው በአፍህ በለው።

በስልክ እንዳትመልስልኝ፣ ስለ አየሩ አውርተን እንዘጋዋለን። መርከቧ ዱሉዝ ገብታ የምትቆም ዕለት ወደቡ ላይ እገኛለሁ። እናትህም አብረው ይመጣሉ፤ ብርድ ነው ብዬ ለምኛቸው ነበር፣ ኮታቸውን ግን ካሁኑ በሩ ላይ ሰቅለውታል። ስትወርድ ፊትህን አየዋለሁ፤ ያኔ አውቃለሁ።

እስከዚያው ሐይቁ ላይ ተጠንቀቅ፣ የኅዳር ነፋስ ክፉ ነው።

አሁንም ሚስትህ የሆነችው፣
ማክሲን