ሦስት ሰው የመሰከረላቸው የአቶ አበረ ገብረ ኪዳን የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ የእድራችን አባላት፣ ከዲማ፣ ከቁይና ከደምበጫ መንገዱ ሳይበግራችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው አጎቴ አቶ አበረ ገብረ ኪዳን ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ዲማ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ገብረ ኪዳን ይስማው፣ እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ይባላሉ። ከሰባት ልጆች አምስተኛው ናቸው።

ፊደል የቆጠሩት በአባታቸው እጅ ነው። ዳዊት ደገሙ፣ ዜማ ተማሩ፣ ከዚያ ቅኔ ቤት ገቡ። አሁን እዚህ ፍትሐቱን የሚመሩት የኔታ አካለ ወልድ ያኔ የቅኔ ጓደኛቸው ነበሩ፤ ኋላም የነፍስ አባታቸው ሆኑ። የኔታ ሲያጫውቱን፣ "አበረ ቀጥታ መልስ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። 'በላህ ወይ?' ስትለው፣ 'ቀኑ ጾም ነው እንዴ?' ይልሃል። አልበላሁም አላለህ፣ በላሁ አላለህ። ሄደህ ስታስበው ታድራለህ" ይላሉ። ይህ የቅኔ ቤት ጨዋታ በኋላ ምን እንደሚያመጣባቸው ማን አውቆ?

በ1976 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ ጨው ሊገዙ ቁይ ገበያ እንደወረዱ አፈሳ ደረሰባቸው። በዚያው ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰዱና ሰባት ዓመት በሰሜን ግንባር ቆዩ። እዚያ ሳሉ አንድ ጓደኛቸው ለጥበቃ ሲወጡ "እንቅልፍ ያባርርልሃል፣ አንድ ብቻ" ብሎ ሲጃራ ሰጣቸው። ጓደኛው እዚያው ቀረ። ሲጃራው ግን አብሯቸው አገር ገባ።

በ1983 ዓ.ም. ሲመለሱ አባታቸው ቄስ ገብረ ኪዳን አርፈው ነበር። ቅኔ ቤቱ ክፍት ነበር፣ የኔታም "ና ግባ" ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን "በዚህ አፌ አልገባም" ብለው ወደ ደብረ ማርቆስ ወጡ። ጦሩ ውስጥ ሳሉ የደንብ ልብስ ሲጠግኑ መስፋት ለምደው ስለነበር በ1985 ዓ.ም. ትንሽ የስፌት ቤት ከፈቱ። በማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ደረሱ። እዚህ የቆማችሁ ካህናት የለበሳችሁት ካባ ግማሹ የሳቸው እጅ ሥራ ነው። ነጭ ጨርቅ ከመንካታቸው በፊት እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠቡ ነበር። ያለቀውን ካባ በፕላስቲክ ጠቅልለው ከቤቱ ማዶ ጥግ ይሰቅሉታል። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አንድም ሰው ግን በአፉ ብሎት አያውቅም።

በ1986 ዓ.ም. ከደምበጫዋ ወይዘሮ ስሜነሽ ጋር ጎጆ ወጡ። እግዚአብሔርም ሁለት ልጆች ሰጣቸው፤ ደምበጫ የምታስተምረዋን አርሴማንና የባጃጅ ሹፌሩን አምደሚካኤልን። እሜቴ ስሜነሽ ገና ሲጋቡ ጀምሮ ፍላጎታቸው አንድ ነበር፤ አብሮ መቁረብ። የኔታ ደግሞ ንስሓ በተጠየቁ ቁጥር አንድ ዓይነት መልስ ይሰጡ ነበር፤ "አቁመህ ቁም።" ሲጃራውን አቁምና ከማኅሌቱም ከቁርባኑም ቁም ማለታቸው ነው። ሁለት ቃል ናት። አቶ አበረ ሠላሳ ዓመት ተሸከሟት።

አልሞከሩም እንዳይባል ሞክረዋል። ሱፍ ቆርጥመዋል፣ ጠበል ሰባት ሰባት ቀን ገብተዋል። አንዱን ዓመት የዐቢይ ጾምን እኩሌታ ያለ ሲጃራ ዘልቀው ደብረ ዘይት ላይ ተመልሰዋል። ሽታውን ለመደበቅ ከጓሮ ጤና አዳም እየቀነጠሱ ያኝኩ ነበር። እሜቴ ስሜነሽ "እረ አንተ ሰውዬ፣ ቁጥቋጦውን ጨረስከው፣ ፍየል ነህ እንዴ?" ይሏቸው ነበር። እሳቸውም መልስ አያጡም፤ "ፍየልማ ብሆን በግራ መቆሜን አውቄ አርፍ ነበር።" ቤቱ ይስቃል። እሜቴ ስሜነሽ ግን አይስቁም።

ሰፈሩም የራሱ ደንብ ነበረው። የስፌት ቤቱ ጓሮ የሚጨስበት ነው። ወደዚያ የሚዞር ሰው ሁሉ ከጥጉ ሳይደርስ "እህም! እህም!" ብሎ ይስላል። ሲጃራቸውን ረግጠው እስኪያጠፉ ጊዜ መስጠቱ ነው። ይህን ደንብ ያመጡት የእድራችን ዳኛና የጎን ጎረቤታቸው አናጺው አያ በላቸው ናቸው። ሰው አላዋረዱም፣ አላሳፈሩም። እሜቴ ስሜነሽ እንደሚሉት፣ ውሎ አድሮ ከጥግ "እህም" ሲባል ከውስጥም "እህም" የሚል መመለስ ጀመረ። ከውጭ ያለው ሳል ያቆማል፣ የውስጡ አያቆምም።

በ2009 ዓ.ም. ቤተሰቡ የጤና መድን አባል ሆነ። በየዓመቱ ደብተሩ ሲታደስ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሲስተር ትሕትና የደም ግፊት ትለካና የተለመደውን ጥያቄ ትጠይቃለች፤ "ጋሼ አበረ፣ ሲጃራ ያጨሳሉ?"

"እኔ? የቄስ ልጅ ነኝ እኮ።"

ውሸት አልተናገሩም። የቄስ ልጅ ናቸው። ሲስተር ትሕትናም ቅኔ ቤት አልገባችም፣ "አያጨሱም" ብላ ትጽፋለች። ስምንት ዓመት እንዲህ ተጻፈ። ለሳሉ ሽሮፕ ተሰጣቸው፣ አክታቸው ተመረመረ፣ ደረታቸው ተዳመጠ። ሁሉንም ደብተሩ ሸፈነው። ስለማያጨሱ ግን የሳሉን ነገር ከዚያ በላይ የሚያስብ አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ጤና ጣቢያው ለሙከራ አዲስ ነገር ጀመረ። የጤና መድን ደብተር ያለው አጫሽ ማቆሚያ መድኃኒትና በየሳምንቱ ምክር በደብተሩ ያገኛል ተባለ። ቦታው የአርባ ሰው ብቻ ነው። አምደሚካኤል ከባጃጅ ተሳፋሪ ሰምቶ ለአባቱ ነገራቸው። አቶ አበረ በማግስቱ ሱቁን ዘግተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጤና አዳም ሳያኝኩ ሄዱ። እሜቴ ስሜነሽ "የሠርጉ ዕለት እንኳ እንዲያ አልቸኮለም" ይላሉ።

"ልጄ፣ ለማቆም መጥቻለሁ" አሏት ሲስተርን።

"ምኑን ጋሼ?"

"ሲጃራውን።"

ሲስተር ትሕትና ካርዱን ገለጠች። ስምንት ጊዜ "አያጨሱም" ይላል። ካርዱን የምታየው ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። መድኃኒቱን እየወሰዱ ገበያ የሚሸጡ ሰዎች እንዳይገቡበት ተብሎ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ኮሚቴውም፣ ካርዱ እንዲህ ካለ ሦስት የሰፈር ሰው ይመስክር ብሎ ለእድሩ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ላይ የነበረው አንድ መስመር ነው፤ "አቶ አበረ ገብረ ኪዳን ሲጃራ ያጨሳሉ ወይስ አያጨሱም?" ለምን እንደሚጠየቅ አልተጻፈም። አቶ አበረም አፍረው ለማንም አልተናገሩም።

ደብዳቤው አያ በላቸው እጅ ገባ። አያ በላቸው እንዳነበቡት ደማቸው ፈላ። "ማነው ይኸን ሰው የከሰሰው? የቄስ ገብረ ኪዳንን ልጅ! ከመድኑ ሊያስወጡት ነው!" ብለው ፀጉር አስተካካዩን ጌቾንና ጎረቤታቸውን እትዬ ዓይናዲስን ይዘው ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዱ። እትዬ ዓይናዲስ "በሚካኤል ስም፣ ሲያጨስ በዓይኔ አላየሁም" ብለው ማሉ። እውነትም ነው፤ ሁልጊዜ እህም ብለው ስለሚዞሩ በዓይናቸው አላዩም። ጌቾ "እንኳን ሲጃራ፣ ሻማ ሲበራ ዓይናቸውን ያቃጥላቸዋል" አለ። አያ በላቸው ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ። ሲመለሱም ደስ ብሏቸው በስፌት ቤቱ በር ቆመው፣ "አበረ፣ ስምህን አጥበንልህ መጣን!" አሏቸው።

አቶ አበረ የስፌት መኪናውን አቁመው ቀና አሉ። ከዚያ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው መስፋት ቀጠሉ።

እሜቴ ስሜነሽና አምደሚካኤል ተመልሰው ሄደው እውነቱን እንዲናገሩ ለምነዋቸዋል። "እንዴት አድርጌ?" አሉ። "እኔ አጫሽ ነኝ ብዬ ብፈርም ሦስቱ በሚካኤል ስም በሐሰት የማሉ ይሆናሉ። ለኔ ብለው ነው የማሉት። እኔ ልድን ብዬ እነሱን ላስኮንን?" በዚህ ተዘጋ። አርባው ቦታ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት የሚያስፈራ ዓመት ነበር። ልብስ ሰፊ የራሱን ልክ ያውቃል። አቶ አበረ በጥር ኮታቸውን አጠበቡ። በሚያዝያ እንደገና አጠበቡ። በግንቦት ሦስተኛ ጊዜ ሲያጠብቡ አምደሚካኤል ደረሰባቸው። "አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?" ቢላቸው "ጨርቁ እየሰፋ አስቸገረኝ" አሉት። ሰኔ ላይ አክታቸው ደም ቀላቀለ። ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጻፈላቸው፤ መንገድ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ጠበቁ። ሲደርሱ የሳንባ ካንሰር መሆኑና ወደ ሌላ ቦታም መዛመቱ ተነገራቸው። ራጁንም አልጋውንም መድኑ ሸፈነ።

ሐኪሙ በቀን ስንት እንደሚያጨሱ ሲጠይቃቸው አምደሚካኤልም እሜቴ ስሜነሽም አጠገባቸው ነበሩ። "ሃያ" አሉ። እንዲህ ያለ አጭር መልስ ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ አልነበረም።

ከሐምሌ 6 ቀን ጀምሮ ሲጃራ አፋቸው አልደረሰም። አቆሙ። መቆም ግን አልቻሉም። የፍልሰታ ፍቺ ዕለት፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ በአርባ አንደኛው ቀን፣ አያ በላቸውና ጌቾ ከሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሷቸው። ከእሜቴ ስሜነሽ ጋር በአንድነት ቆረቡ። ያን ዕለት ነው አያ በላቸው የደብዳቤውን ምክንያት የሰሙት። ቃሬዛውን ካስቀመጡበት ሳይነሱ "አበረ፣ ምነው? አንድ ቃል ብትለኝ ምናለ?" አሉ። አቶ አበረም እጃቸውን ይዘው "አንተም እኔም ነውር ስንሸፍን ነው በላቸው" አሏቸው። አያ በላቸው ይህ ቃል ዛሬ እንዲነበብ ራሳቸው አዘውኛል።

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲስተር ትሕትና ደብተሩን ልታድስና ሕመምተኛውን ልታይ ቤት መጣች። ሥራዋን ጨርሳ፣ አባቱን ደግፎ ወደተቀመጠው ወደ አምደሚካኤል ዞረች። "አንተስ አምዴ፣ ታጨሳለህ?"

አምደሚካኤል ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ፈገግ ብሎ "እኔ? የቄስ የልጅ ልጅ" ብሎ ሳይጨርስ አባቱ ክንዱን ያዙት።

"ጻፊ ልጄ" አሏት ሲስተርን። ትንፋሻቸው እያጠረ ቃሉን አንድ አንድ እያሉ ነው ያወጡት። "ይኸ ልጄ ያጨሳል። ከሠራዊት ሳይሆን ከኔ ነው የተማረው። ምስክሩ እኔ ነኝ። ሌላ ሁለት ሰው አትፈልጉ።"

እሜቴ ስሜነሽ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሲስተር ትሕትና ብዕሯን ይዛ አምደሚካኤልን አየችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ "ጻፊው" አለ። ተጻፈ። ለአዲሱ ዓመት ሌላ ቦታ ተከፍቶ ስለነበር በደብተሩ ለማቆሚያው ተመዘገበ፤ መድኃኒቱን በማግስቱ ጀመረ። ይህ እንዲነበብ የፈቀደው እሱ ራሱ ነው።

አቶ አበረ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ከኋላቸው የቀሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ስሜነሽ፣ ልጆቻቸው አርሴማና አምደሚካኤል፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ ሁለት እህቶች፣ ሠላሳ ዓመት በየጥጉ እየሳሉ የጠበቋቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

አምደሚካኤል ዛሬ ሃያኛ ቀኑን ይዟል። ትናንት ድንኳኑን ስንተክል እጁ ሁለት ጊዜ ወደ ኪሱ ሲገባ አይተናል። ሁለቱንም ጊዜ ባዶውን ወጣ። ሦስተኛውን አላየንም።

ስለዚህ ካህናት አባቶች፣ ጸሎታችሁን ለሁለቱም አድርጉት። አቶ አበረን እግዚአብሔር ከደጋጎቹ አባቶቻቸው ማኅበር ይቀላቅልልን፤ ገና ያልቀበርነውንም ይጠብቅልን። አሜን።